ቂመኛው በርሜል

ጋሽ መስታወት ፕላስቲክን የሚጠሉት እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው ነበር። ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይቋጠራል። «ፕላስቲክ ቂመኛ ነው» ይላሉ። «ጠርሙስን አንዴ እጠበው፤ ትናንት ምን እንደያዘ ረስቶት ንጹሕ ሆኖ ይጠብቅሃል። ፕላስቲክ ግን ሆዱ የገባውን አይለቅም። ሽንኩርት ይዞ ከነበረ ሽንኩርት ሽንኩርት እንዳለ ይሞታል።» ሰው ቤት ሄደው ውኃ በፕላስቲክ ኩባያ ከቀረበላቸው ጥማቸውን ይዘው የሚመለሱ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜማ የሥራ ባልደረባቸው ቤት የተቀዳላቸውን ወይን ቀመስ አድርገው፣ ጋባዡ ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ «ይኼማ ጀሪካን ጀሪካን ይላል» ብለው፣ ሚስታቸውን ምነው መሬት ተከፍቶ በዋጠኝ አሰኝተዋታል።

ጋሽ መስታወት የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። መስታወት ቆራጭ ነበሩ። በዚያ ሰፈር የእሳቸው እጅ ያልነካው መስኮት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጆች በኳስ ይሰብራሉ፣ እሳቸው ይገጥማሉ፤ ልጆቹ አድገው ይወልዳሉ፣ የተወለዱትም በተራቸው ይሰብራሉ። እናትና አባታቸው ባወጡላቸው ስም እስከ መጨረሻው ስትጠራቸው የኖረችው ሚስታቸው ብቻ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው የለም።

ያን ቀን ልጃቸው ሚጣ ትልቅ ነጭ የፕላስቲክ በርሜል ታቅፋ መጣች። ሚጣ ይሏታል እንጂ ሚጣነቷ ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለት ጎረምሳ ያሳደገች፣ መድኃኒት ቤት ስትቆም የምትውል፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባት ሴት ናት። አውቶቡስ ውስጥ በርሜሉን አቅፋ ስትገባ አንዱ ተሳፋሪ፣ «እህቴ፣ ይኼ ልጅ አድጓል፤ የራሱን ትኬት ይቁረጥ እንጂ» ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቆባታል። አብራ ስቃለች። የአባቷ በር ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ከየት መጣህ እንዳሉት እንግዳ ጥፍት አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ አባቷ፣ በርሜሉን ሳይሆን እሷን እያዩ።

«ለወይኑ ነው፣ አባዬ። ለምግብ ተብሎ የተሠራ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም አይለቅ። ጠይቄ ነው የገዛሁት።»

«ጎሽ። ለቦት ጫማዬ ማስቀመጫ አጥቼ ተቸግሬ ነበር።»

እውነትም ከበሩ ሥር ቦት ጫማቸውን አንስተው ውስጡ ጨመሩት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰላቸው።

ለሚጣ ግን ጉዳዩ የቀልድ አልነበረም። እናቷ ከሞተች ይኼ የመጀመሪያው የወይን ወራት ነው። እናቷ ራሷ የተከለችው፣ የጓሮውን ግድግዳ አልብሶ የተሳበው ወይን ዘንድሮ እንደ ጉድ አፍርቷል። አባቷም «እኔው እጠምቀዋለሁ» ብለው ተነስተዋል፤ ለዚያውም በወይዘሮዋ።

ወይዘሮዋ ጠርሙስ ናት። ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር፣ ከታች እስከ ትከሻዋ በቅርጫት የተለበጠች፣ አንድ ጎረምሳ አቅፎ የማይጨርሳት አረንጓዴ ጠርሙስ። ባዶዋን እንኳ ለማንሳት ወገብ ያስፈልጋል፤ ስትሞላማ የሚነቀንቃት የለም። አባቷ ደግሞ ዛሬ ወገቡም እጁም የላቸውም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ መድኃኒቱን የምታመጣላቸው ራሷ ሚጣ ስለሆነች ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለች። ሌላ ሰው ጣቱን ቢቆርጠው በጨርቅ ጠቅልሎ ይረሳዋል፤ የእሳቸው ደም ግን አልቆም ይላል። የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ያ ጠርሙስ እቅፋቸው ውስጥ ቢሰበር ማን ይደርስላቸዋል? ሚጣ ይህን ሐሳብ ጀምራው እንጂ ጨርሳው አታውቅም።

«እሺ አባዬ፣ እኔ ልጥመቀው። አንተ ቁጭ ብለህ እዘዘኝ።»

«በምን?»

«በበርሜሉ።»

«እንግዲያው ቦት ጫማ ነው የምትጠምቂው።»

«አባዬ፣ ቀልዱን ተወው በሞቴ።»

እሳቸውም ቀልዱን ተዉት። ወንበር ስበው ተቀመጡና መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ፤ እንዲያ ሲያደርጉት መንቀጥቀጡ አይታይም።

«ስሚ ሚጣ። ወይን አምሮኝ አይደለም። ወይን ሱቁን ሞልቶታል። ያማረኝ የእናትሽ ነው። እናትሽ ዕድሜዋን ሙሉ በጠርሙስ ነው የጠመቀችው። ያ ጣዕም ከዚያ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ፣ አንዲት ብርጭቆ ብቀምስ ይበቃኛል። በፕላስቲክ ከሆነ የእሷ አይደለም። የእሷ ካልሆነ ደግሞ ምን ይሠራልኛል?»

ሚጣ ተነስታ የድሮ መኝታ ክፍሏን መስኮት ልክፈት ብላ ገባች። እውነቱን ለመናገር መስኮቱ አላስቸገራትም፤ እንባዋ ነው ያስቸገራት።

ክፍሉ እንደነበረ ነው። አልጋው ግድግዳውን እንደተጠጋ፣ የመስኮቱ መስታወት ጥግ ላይ አባቷ ለልደቷ በአልማዝ መቁረጫቸው የሳሉላት ትንሽ ዓሣ እንደዋኘ አለ። ድሮ የወይን ወራት ሲመጣ ይህ ቤት ሕጉን ይለውጥ ነበር። እናቷ ወይዘሮዋን ማድ ቤት ጥግ ታቆማትና፣ ብርሃን ወይኑን እንዳይጎዳው ብላ የአባቷን አሮጌ ጥቁር ካፖርት ታለብሳታለች። ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትቆልፍላታለች። ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋን መንካት፣ ካፖርቷን ገለጥ አድርጎ ማየት፣ አጠገቧ መሮጥ ክልክል ነው። «ወይዘሮዋ ሥራ ላይ ናት፣ አትረብሿት» ትላለች እናቷ፤ አዋጁ ለባሏም ነው። አንድ ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢው በጨለማው ማድ ቤት በኩል ሲያልፍ፣ አጭርና ወፍራም ሴትዮ ጥጉን ይዛ የቆመች መስሎት «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» ብሎ እጅ ነሥቷል። ይህ ወሬ በዚያ ቤት ሲሳቅበት ኖሯል።

ከሁሉ ግን ሚጣን የሚናፍቃት ድምፁ ነው። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ስትለጥፍ፣ ብልቅ ይላል። ዝም። እንደገና ብልቅ። ወይኑ ሲፈላ አየሩ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲፈነዳ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ እናቷ አስረድታታለች። ማስረዳቱን ስትጨርስ ግን፣ «ወይዘሮዋ ተረት እያወራችልሽ ነው፣ ተኚ» ትላታለች። ሚጣ ተረቱን ሳትጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት፣ ብዙ አልጋ ላይ ተኝታለች። እንዲያ ያለ እንቅልፍ ግን የትም አላገኘችም። አሁንም ማንም እንደማያያት አረጋግጣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ግድግዳው ዝም አለ።

ባቷ ላይ ያለው ጠባሳም የዚያ ዘመን ነው። ይህችኛዋ ወይዘሮ ሁለተኛዋ ናት። የመጀመሪያዋ፣ ሚጣ ገና ፊደል ሳትለይ፣ ሞቃቱ ክፍል እሱ ነው ተብሎ እዚሁ አልጋዋ ግርጌ ትቀመጥ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሚጣ ተኝታ ሳለ ያቺ ጠርሙስ በታላቅ ድምፅ ተሰባበረች። ወይኑና የሚጣ ደም አንድ ላይ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ እናቷ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቷት ስትጮህ ሚጣ ትዝ ይላታል። ጥፋተኛዋ ድመቷ ሆና ተገኘች። ገፍታ ጣለቻት ተባለ፤ ተፈርዶባትም ለዳቦ ጋጋሪው ተሰጠች። እዚያ ወፍራና ተከብራ ኖረች። አባቷ በዚያው ሳምንት አዲሷን ወይዘሮ አምጥተው ማድ ቤት ጥግ አቆሟት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥመቃውን ለሚስታቸው ለቀው፣ እጃቸውን አላስገቡበትም። የሚቀምሱትና የሚያወድሱት እሳቸው ናቸው፤ የምትሠራው እሷ ናት።

ቅዳሜ ሚጣ ስትመለስ አባቷን ጓሮ አገኘቻቸው። ወይዘሮዋን ከማድ ቤት እስከ ቧንቧው ድረስ ጎትተው አውጥተው፣ ካፖርቷን አውልቀው፣ በጉልበታቸው ደግፈው ሊያጥቧት ይታገላሉ። ቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ቀልቷል።

«አባዬ!»

«አትጩኺ። አንገቷ ላይ ትንሽ ሸረፍ ያለ አለ፣ እሱ ጫረኝ። ጭረት ነው።»

ሚጣ ጨርቁን ፈታችው። በእርግጥም ጭረት ነው፤ ልጅ እንኳ የማያለቅስበት። ደሙ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። ንጹሕ ፋሻ አምጥታ፣ ጣታቸውን በሁለት እጇ ጨምቃ፣ ጓሮው ውስጥ ተያይዘው ተቀመጡ። ንቦች የበሰለውን ወይን እየዞሩ ያጉረመርማሉ። ትከሻዋ እስኪዝል ያዘችው።

«ትሰብራታለህ» አለች በመጨረሻ። «ትሰብራታለህ፣ እኔ ደግሞ እዚህ አልኖርም።»

«ዕድሜ ልኬን መስታወት ይዤ ኖሬ...»

«ያኔ እጅህ እጅ ነበር!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉን መልሳ መዋጥ ፈልጋ ነበር። አባቷ ጣታቸውን ከእጇ ቀስ ብለው አወጡና ወይኑን ቀና ብለው አዩት።

«ሰኞ እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ንቦቹ ይጨርሱታል» አሉ።

ሚጣ በጎን በኩል ባለችው በር ወጥታ ጎረቤት ገባች። ጎረቤታቸው እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የእናቷ የልብ ጓደኛ ነበሩ። ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መርፌ ከንፈራቸው መሃል ይዘው ነው የሚያወሩት፤ ሰው ይዋጡታል ብሎ ሲሰቀቅ እሳቸው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። ሚጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። መክረው እንዲያስተዉላት ለመነቻቸው።

«ጋሽ መስታወትን ነው የምመክረው? ግድግዳ ይሻለኛል፤ ግድግዳ ቢያንስ ያስተጋባል።» ከዚያ ግን የያዙትን እጅጌ አስቀመጡ። መርፌዎቹን ከአፋቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። ሚጣ እንዲህ ሲያደርጉ ያየቻቸው እናቷ የሞተች ዕለት ብቻ ነው። «ደሙ አልቆም አለ ነው የምትዪኝ?»

«አልቆም አለ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር። ለእናትሽ ምዬላታለሁ። ግን ሰውየው ሊሞቱብን ነው እንዴ? ነይ እስቲ።»

ከመስፊያው ክፍል ጀርባ ጠባብ ዕቃ ቤት አለ። ጥቅል ጨርቅ፣ እግሩ የተሰበረ የስፌት መኪና፣ ራስ የሌለው የልብስ ማሳያ። እትዬ መርፌ ጥግ ላይ ያለችውን መጋረጃ ሰበሰቧት። ከኋላዋ እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ የመታው የፕላስቲክ በርሜል ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ግድግዳው ላይ በምስማር ተይዟል።

«ይኼ የማን ነው?»

«የእናትሽ ነዋ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። ያ ጠርሙስ አንቺን ከቆረጠሽ ወዲህ እናትሽ አንድም ቀን በጠርሙስ አፍልታ አታውቅም። ‹የልጄን ደም ከወይን መለየት አቅቶኝ አይቻለሁ፣ ሁለተኛ አይደረግም› አለች። ለእሳቸው እንዴት ትንገራቸው? ሰውየው ኑሯቸው መስታወት፣ ስማቸው ሳይቀር መስታወት። ስለዚህ እሳቸው ሥራ ሲሄዱ እዚህ ትጠምቃለች። ፈልቶ ፈልቶ ጸጥ ሲል እኔና እሷ በማንቆርቆሪያ እየተመላለስን ወይዘሮዋን እንሞላታለን። ከዚያ እዚያ ያርፋል፣ ይጠራል። ጋሽዬ ማታ መጥተው ካፖርቱ ሲፈታ ያያሉ።»

«ከዚያ በፊትስ? ካፖርቱ ውስጥ ምን ነበር?»

«ውኃ። ሌላ ምን ይኖራል?»

ሚጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ትዝ አላት። ካፖርት ለለበሰ ውኃ ነበር እጅ የነሣው። ሳቋ አመለጣት፤ እትዬ መርፌም ተከተሏት። «ጣዕሙስ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ፕላስቲክ ፕላስቲክ አይልም ነበር?»

«ምን ይላል! አባትሽ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ‹አየሽ፣ ጠርሙስ ማለት ይኼ ነው!› ሲሉ እናትሽ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ትቆነጥጠኝ ነበር። በየዓመቱ። ጉልበቴ ይበልዝ ነበር እኮ።»

ሚጣ በርሜሉን ስትነካው፣ ቱቦው የተያዘበትን ግድግዳ አየች። ማድ ቤታቸው በዚህ በኩል አይደለም። ማድ ቤቱ ከቤቱ ማዶ ነው።

«እትዬ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን አለ?»

«ያንቺ አልጋ ነዋ።»

መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ያ ሁሉ ተረት፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ከዚህ ከቢጫው በርሜል ነው የመጣው። ጠርሙሷ አንድም ቃል ተናግራ አታውቅም። ይህን ስታስብ ሚጣ እናቷን ክፉኛ ናፈቀቻት። ብትኖር ኖሮ ጉልበቷን ትቆነጥጥላት ነበር።

አሁን አባቷን ማሸነፍ ቀላል ሆነ። አንድ ቃል ይበቃል፤ «የጠጣኸው ሁሉ የፕላስቲክ ነው» ብትላቸው ወይዘሮዋን ይተዋሉ። ግን ምን ይተርፋቸዋል? የሚያምኑት ምላሳቸውን ነው፤ ከምላሳቸው የበለጠ ደግሞ ሚስታቸውን። ሸነገለችህ ብላ እናቷን ከመቃብር አስነስታ ልትከስሳት ነው? ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አለች በልቧ። ሌላ መላ መጣላት። በርሜሉን ወደ ራሷ ቤት ትወስደዋለች፤ ወይኑንም እዚያው ትጠምቀዋለች። ሲደርስ ወይዘሮዋን ትሞላታለች፣ ጓደኛዬ ቤት ባለ ጠርሙስ ጠመቅኩት ትላለች። እናቷ የዋሸችውን ውሸት ካቆመችበት ትቀጥላለች ማለት ነው።

ይህን ወስና ቱቦውን ነቅላ፣ በርሜሉን አቅፋ፣ እትዬ መርፌ በሩን ይዘውላት ስትወጣ፣ አባቷ ደጅ ቆመዋል። ፋሻ የታሰረ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ሊፈልጓት መጥተው ነው። ይቅር በለኝ ሳትለኝ ሄደች ብለው ሳይሆን፣ ይቅር ልበላት ብለው።

«ሌላ በርሜል?» አሉ። «ፋብሪካ ልትከፍቺ ነው እንዴ?»

«የእትዬ ነው። ለ... ለቤት ነው።»

«አሮጌ ነው። አሮጌ ፕላስቲክ ከአዲሱ ይብሳል። አምጪው፣ ምን ይዞ እንደኖረ ልንገርሽ። ፕላስቲክ ምስጢር አያውቅም።»

ሚጣ ወደ ኋላ ልታፈገፍግ ስትል፣ እሳቸው ክዳኑን በግራ እጃቸው ከፈት አድርገው አፍንጫቸውን አስገቡ። የፌዝ ነበር። ሊስቁ አስበው ነበር።

አልሳቁም። ቀናም አላሉም።

ሚጣ በርሜሉን እንዳቀፈች የአባቷ ግንባር ደረቷ ጋ ደርሶ ቆመ። ሽታው ለእሷም ደረሳት። እርሾ። ያረጀ ወይን። እናቷ ፀሐይ ላይ አድርቃ ወይኑ ውስጥ ጣል የምታደርጋት የብርቱካን ልጣጭ። ከሥሩ ደግሞ የእጇ ሳሙና፣ እስከ ክርኗ ነክራ ስታሽ የኖረችበት እጅ። ተዘግቶ ስለኖረ ምንም አልጎደለበትም። ቤታቸው ውስጥ ይህ ሽታ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልብሷ ተሰጥቷል፣ ትራሷ ታጥቧል። ወይዘሮዋም ታጥባ፣ ያለ ምንም ትዝታ፣ ንጹሕ ሆና ተቀምጣለች።

አባቷ ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«የእሷ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ እኔ...»

«ተይ። ልትዋሺ ስትዪ ከንፈርሽ ልክ እንደ እሷ ነው።» ወደ እትዬ መርፌ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ?»

እትዬ መርፌ ደረታቸው ላይ የሰኩትን መርፌ ዳበሱ፤ ወደ አፋቸው ግን አልመለሱትም። «ሚጣ ከተቆረጠች ወዲህ» አሉ።

አባቷ የልብስ ሰፊዋ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሚጣ ቁጣውን ጠበቀች። የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን መደበቅ ረስተው እያዩዋቸው ቆዩና፣

«ድመቷ አልነበረችም» አሉ።

«ምን?»

«ያን ቀን። ድመቷ አልነበረችም። ቡሽ ናቅኩ። በእንዲህ ያለ ጠርሙስ አፍ ላይ ቡሽ መወተፍ ውርደት ነው ብዬ ከመስታወት ውታፍ ሠራሁላት። በአሸዋ ፈትጌ ፈትጌ፣ ፀጉር እንኳ እንዳያሳልፍ አድርጌ ገጠምኩት። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም ሠርቼ አላውቅም። ቱቦውን አውጥቼ፣ አሳምሬ ዘጋሁና ቆሜ አየሁት፤ ኮራሁ። የሚፈላ ነገር መተንፈሻ እንደሚፈልግ ጠፍቶኝ አይደለም። ሥራዬ አምሮብኝ ነው የረሳሁት። ሰነፍ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ አንቺ አትቆረጪም ነበር። የሆነ ቦታ ይተነፍስ ነበር።»

ሚጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። በርሜሉን አልለቀቀችውም።

«እናትሽ ውታፉን ከስብርባሪው መሃል አገኘችው። እሱ አልተሰበረም። አየችው፣ አየችኝ። ኪሷ ውስጥ ከተተችውና፣ ‹ድመቷ ናት› አለች። እኔም፣ አዎ፣ ድመቷ ናት አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ካፖርት ገልጬ ለማየት ወኔ አልነበረኝም። ብገልጠውማ ውስጡ ያለው ወይን አለመሆኑን አውቅ ነበር።» ወደ እትዬ መርፌ ቀና አሉ። «ታዲያ በየዓመቱ ‹ጠርሙስ ማለት ይኼ ነው› ስል ዝም ብላ ትሰማኝ ነበር?»

«ኧረ አልሰማችዎትም። እየሳቀች ነው እንጂ ምኑን ትሰማዎታለች።»

የአባቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲስቁ ሚጣም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላወቀችም፤ እጃቸውን ስትይዝ ፊታቸው ርሷል። ድንገት ደንግጠው ወደ በርሜሉ ዞሩ።

«ክደኚው! ክደኚው ሚጣ፣ እንዳይወጣ።»

ክዳኑን ተጭና ዘጋችው። ቱቦ የሚያልፍበትን ቀዳዳ እትዬ መርፌ በጨርቅ ቁራጭ ወተፉት። በርሜሉ በዚያው ቀን ወደ አባቷ ቤት ገብቶ ከአልጋቸው ራስጌ ተቀመጠ።

ሰኞ ሚጣ ከሥራ አስፈቅዳ መጣች። አባቷ ቀድመዋታል። አዲሱን በርሜል ከቦት ጫማ አስለቅቀው፣ አጥበውና አጣጥበው ፀሐይ ላይ ደፍተውታል። ወይዘሮዋን ደግሞ ማድ ቤት ጥግ ላይ፣ ቦታዋ ላይ፣ ካፖርቷን አልብሰው እስከ አንገቷ ቆልፈውላታል። «ወይኑ ሲጠራ እዚያ ያርፋል» አሉ። «እስከዚያ ድረስ የምታደርገውን ታውቃለች፤ ልምድ አላት።»

ሚጣ መሰላሉ ላይ ወጥታ ወይኑን ቆረጠች፤ አባቷ ከታች ሆነው ዘለላውን እየተቀበሉ መጥፎ መጥፎውን ለቀሙ። በርሜሉ ሲጋመስ ሚጣ ወይኑን የምታሽበት ረጅም እንጨት ይዛ መጣች። ከእጇ ወሰዱባት። ጎንበስ ብለው የአዲሱን በርሜል ከንፈር አሸተቱ።

«ምንም አይልም» አሉ። «ገና ምንም አያውቅም።»

«ጥሩ ነዋ። ሽታ የለውም አላልኩህም?»

«በእንጨት አይደለም። ታጠቢና በእጅሽ እሺው።»

«እጄ ይቀላል እኮ አባዬ። ነገ ደንበኛ ፊት የምቆም ሰው ነኝ።»

«ይቅላ። ቂመኛ ነው ብዬሽ የለ? እጅሽን ይያዝልን። ኋላ ልጆችሽ ሲፈልጉሽ ከየት ያገኙሻል?»

ሚጣ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና እስከ ክርኗ ገባች።